አጭሩ ቁልፍ፤ ዴስ የተባለው ስውር ጽሕፈት እንዴት እንደ ተሰበረ

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች «ምሥጢር» የሚል ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ሲደርሰን፥ ከሁሉ አስቀድመን የምንመለከተው ፖስታው እንዳልተከፈተና ሰሙ እንዳልተሰነጠቀ ነው። ሰሙ ደብዳቤው በመንገድ እንዳልተነበበ ይመሰክርልናል እንጂ፥ ለማንበብ የቈረጠውን ሰው አያግደውም። መልእክት በሽቦና በአየር በሚሄድበት በዚህ ዘመን ደግሞ ሰም የሚያርፍበት ቦታ እንኳ የለም። በባንክ ግድግዳ ላይ ከተተከለው የገንዘብ መክፈያ መኪና ብር ለማውጣት ምሥጢራዊ ቍጥራችንን ስንነካ፥ ያ ቍጥር ከመኪናው እስከ ባንኩ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። በመንገድ የሚጠብቀው ማኅተም ሳይሆን፥ መልእክቱን ራሱን ወደማይነበብ ነገር የሚለውጠው ስውር ጽሕፈት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንተርክ ያሰብነው፥ ከሃያ ዓመት በላይ የብዙ ባንኮችንና የብዙ መንግሥታት መሥሪያ ቤቶችን ምሥጢር ተሸክሞ የኖረውን ዴስ የተባለውን ስውር ጽሕፈት ሊቃውንት በምን በምን ዘዴ እንዳጠቁት ነው። ነገሩ የሒሳብ ሰዎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላደከምን ነበር። ነገር ግን በውስጡ አንድ ከባድ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም ጓጉንቸሩን የሚሠራው ሰው፥ ጓጉንቸሩ የሚሰበርበትን መንገድ እያወቀ ከገዢው ቢሰውር፥ ገዢው በምን ይተማመናል? የሚለው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ወደ 1883 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በፓሪስ ቋንቋ ያስተምር የነበረ፥ አውጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ስለ ጦር ሠራዊት ስውር ጽሕፈት ባሳተመው ጽሑፍ፥ የአሠራሩ ዘዴ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያመጣ እንደማይገባና መሰወር ያለበት ቁልፉ ብቻ እንደ ሆነ አስተማረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘዴውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ከሚያውቁትም አንዱ ይከዳል፥ ሌላው ይማረካል፥ ሦስተኛው መሣሪያውን ጥሎ ይሸሻል። ቁልፍ ግን ሲጠፋ በማግሥቱ ይለወጣል። ይህ ሕግ ከጸና ዘንድ፥ አጥቂው ከቁልፉ በቀር ሁሉን ያውቃል ብለን መነሣት አለብን። ለእርሱም ሁለት መንገድ ይቀርለታል። አንደኛው ቁልፎችን ሁሉ አንድ ባንድ እየሞከሩ የሚገጥመውን እስኪያገኙ መድከም ነው። ሁለተኛው በአሠራሩ ውስጥ ስንጥቅ ፈልጎ በዚያ መግባት ነው። ሊቃውንቱ ሁለተኛውን ያከብራሉ፥ አንደኛውን የጉልበተኛ ሥራ እያሉ ይንቃሉ። በኋላ እንደምናየው ግን የመጨረሻውን ድል ያገኘው የተናቀው ነው።

የዴስ አባት ሊባል የሚገባው ሆርስት ፌይስቴል ነው። በ1915 በበርሊን ተወልዶ በ1934 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ለአየር ኀይል በምርምር ሥራ ካገለገለ በኋላ አይ ቢ ኤም ወደተባለው ኩባንያ ገባ። በዚያም ሉሲፈር የሚባል ስውር ጽሕፈት ሠራ። ስሙ ለእኛ ጆሮ ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ስውር ጽሕፈት «ሳይፈር» ስለሚባል በቃል ለመጫወት የወጣ ስም ነው። በእንግሊዝ አገር ሎይድስ ባንክ ለገንዘብ መክፈያ መኪናዎቹ ጥበቃ አውሎታል።

አሠራሩን ባጭሩ እንግለጽ። መልእክቱ በመጀመሪያ ወደ ዜሮና አንድ ረድፍ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ዜሮ ወይም አንድ ቢት ይባላል። ረድፉ እኩል እኩል እየተቈረጠ፥ እያንዳንዱ ቍራጭ ለብቻው ይሰወራል። ቍራጩ በእንግሊዝኛ ብሎክ ስለሚባል የዚህ ዐይነት ስውር ጽሕፈት በብሎክ ይጠራል። በዴስ አንዱ ቍራጭ 64 ቢት ነው። ቍራጩ በግራና በቀኝ ግማሽ ይከፈልና የቀኙ ግማሽ ከቁልፉ ከተወሰደ ድርሻ ጋራ ተቀላቅሎ እንደ እህል በወፍጮ ያልፋል፤ የወጣውም ዱቄት በግራው ግማሽ ላይ ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ ግራና ቀኝ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ 16 ዙር ይደጋገማል። ሸማኔ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ ያየ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። እያንዳንዱ ምልልስ ቀላል ነው፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ ግን የትኛው ክር ከየት እንደ መጣ ዐይን አይለየውም። ቁልፉ ያለው ሰው ብቻ ያንኑ መንገድ የኋሊት ተመልሶ ግልጹን ጽሑፍ ያገኛል።

በወፍጮው ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ስምንት የቍጥር ሠንጠረዦች ናቸው። በእንግሊዝኛ «ኤስ ቦክስ» ይሏቸዋል፤ እኛም ሣጥኖች እንላቸዋለን። ወደ አንዱ ሣጥን 6 ቢት ይገባል፥ 4 ቢት ይወጣል፤ ምን ሲገባ ምን እንደሚወጣ ሠንጠረዡ ይወስናል። ሣጥኖቹ ባይኖሩ ኖሮ ሥራው ሁሉ መደመርና ቦታ መለዋወጥ ብቻ ስለሚሆን፥ አልጀብራ የተማረ ሰው ቁልፉን በስሌት ባወጣው ነበር። የዴስ ነፍስ በሣጥኖቹ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ክርክሩም በእነርሱ ላይ መነሣቱ ስለዚህ ነው።

በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ፥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሆን አንድ ወጥ ስውር ጽሕፈት የሚያቀርብ ሁሉ እንዲያቀርብ በይፋ ጠየቀ። የቀረበው ሁሉ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። በ1974 ጥሪውን ሲደግመው አይ ቢ ኤም ከሉሲፈር የተወለደ ሥራ ይዞ መጣ። ቢሮው በዚህ ጥበብ የራሱ ሊቃውንት ስላልነበሩት፥ የአሜሪካን መንግሥት ምሥጢር የሚሰውረውንና የሌሎችን የሚሰብረውን ብሔራዊ የጸጥታ ድርጅት አማከረ። በ1975 ሥራው ለሕዝብ አስተያየት ታተመ፤ በጥር 1977 የመንግሥት ደረጃ ሆኖ ወጣ።

ታትሞ የወጣውን የተመለከቱ ሰዎች ግን ሁለት ነገር አስደነገጣቸው። አንደኛ፥ በሉሲፈር 128 ቢት ድረስ ይደርስ የነበረው ቁልፍ በዴስ 56 ቢት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ፥ የሣጥኖቹ ቍጥሮች በግልጽ ቢታተሙም እነዚያ ቍጥሮች ለምን እንደ ተመረጡ የሚገልጽ ቃል አልነበረም፤ ምክንያቱ ምሥጢር ነው ተባለ። ወዲያውም ጥርጣሬ ተነሣ። የጸጥታው ድርጅት ለራሱ የሚገባበት የጓሮ በር በሣጥኖቹ ውስጥ አስቀምጦ ይሆን? የሚል ነገር በዩኒቨርሲቲዎችና በጋዜጣ ተሰማ። በ1978 የአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የስለላ ጉዳይ ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ፥ ድርጅቱ አጭሩ ቁልፍ ይበቃል ብሎ አይ ቢ ኤምን እንዳሳመነና በሣጥኖቹም ሥራ በተዘዋዋሪ እንደ ረዳ፥ ነገር ግን አሠራሩን እንዳላበላሸ ገለጸ። የተጠራጠሩት በዚህ አልረኩም። እኛም በእነርሱ ቦታ ብንሆን የምንረካ አይመስለንም፤ ምክንያቱ ያልተነገረን ነገር በምስክር ብዛት ብቻ አይታመንምና።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ግን በሣጥኖቹ ላይ ብቻ አልቆሙም፤ በቁልፉ ርዝመት ላይ ክርክራቸውን አጸኑ። ቁልፍ በአንድ ቢት ሲያጥር የሚሞከሩት ቁልፎች ቍጥር በግማሽ ይቀንሳል። በ56 ቢት የሚገኙት ቁልፎች 72,057,594,037,927,936 ናቸው። ይህን ቍጥር ያየ ሰው ማን ቈጥሮ ይጨርሰዋል ሳይል አይቀርም። ሁለቱ ሊቃውንት በ1977 ባሳተሙት ጥናት ግን እንዲህ ሲሉ አሰሉ፤ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ቁልፍ የሚሞክር ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ፍሬ ቢሠራ፥ እንዲህ ያለውም ፍሬ አንድ ሚሊዮን ያህል በአንድ መሣሪያ ቢሰበሰብ፥ ቁልፎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ተሞክረው ያልቃሉ። አንባቢ ራሱ አካፍሎ ሊያየው ይችላል፤ የሚደርሰው 20 ሰዓት ያህል ነው። የመሣሪያውንም ዋጋ 20 ሚሊዮን ዶላር ገመቱት። ይህ ገንዘብ ለአንድ ነጋዴ ብዙ ነው፤ ለአንድ ታላቅ መንግሥት ግን ምንም አይደለም። ቢሮው ግምቱን አልተቀበለውም።

አንድ ቁልፍ ካነሰ ሁለት እንግጠም፥ መልእክቱን በአንዱ ቁልፍ ሰውረን የወጣውን በሌላ ቁልፍ ዳግመኛ እንሰውር፥ የሚል ሐሳብ ማንም ሰው ያመጣል። ዲፊና ሄልማን ይህም ከንቱ ድካም መሆኑን አሳዩ። አጥቂው አንድ ግልጽ ጽሑፍና የተሰወረውን ጓደኛውን ቢያገኝ፥ ግልጹን በሁሉም ቁልፍ እየሰወረ ውጤቱን ይመዘግባል፤ ከዚያም የተሰወረውን በሁሉም ቁልፍ የኋሊት እየፈታ ከመዝገቡ ጋራ ያስተያያል። ሁለት መንገደኞች ከሁለት አገር ተነሥተው በመካከል እንደሚገናኙ ሁለቱ ቁልፎች በመካከል ይገናኛሉ። ለመዝገቡ የሚያስፈልገው ቦታ እጅግ ሰፊ ነው፤ የሥራው ድካም ግን አንዱን ቁልፍ ከመፈለግ እጥፍ ብቻ ነው። ባንኮች ሥራውን ሦስት ጊዜ መደጋገም የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል በአደባባይ ታላቅ ነገር አልተሰማም። በ1990 በእስራኤል አገር በቫይስማን ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኤሊ ቢሃምና አዲ ሻሚር «የልዩነት ጥቃት» የምንለውን ዘዴ አወጡ። እኛ የሒሳብ ሊቅ አይደለንም፤ በወረቀትና በእርሳስ አንድ ትንሽ ሣጥን ሠርተን እስክንሞክረው ድረስም ነገሩ አልገባንም ነበር። ሐሳቡ ከገበያ ሚዛን ይቀርባል። ሁለት እቃዎችን ክብደቱ ካልታወቀ አንድ ድንጋይ ጋራ በየተራ ብንመዝን፥ ድንጋዩ ስንት እንደ ሆነ ባናውቅም በእቃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት አይጠፋብንም። ድንጋዩ ቁልፉ ነው። አጥቂው በታወቀ ቦታ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ጽሑፎችን በአንድ ቁልፍ ያሰውራል፤ ቁልፉ ሲደመርባቸው በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚደመር ልዩነታቸው እንዳለ ይቈያል። ልዩነቱ የሚዛባው በሣጥኖቹ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ሣጥኖቹም ሁሉን ልዩነት በእኩል አያዛቡም፤ አንዳንዱ የሚገባ ልዩነት አንድ የተወሰነ ልዩነት ሆኖ መውጣት ያዘወትራል። ይህን ዝንባሌ ከዙር ወደ ዙር ተከትሎ እስከ መጨረሻው ዙር የደረሰ ሰው፥ በዚያ የዋለው የቁልፍ ድርሻ የትኛው ሊሆን እንደሚችል ይለያል።

በዚህ ዘዴ ብዙ ስውር ጽሕፈት ወደቀ። ዴስ ግን በሚያስደንቅ ሁኔታ ቆመ። ቢሃምና ሻሚር በመጀመሪያ ባቀረቡት ጥናት፥ ዙሩ ወደ 15 ወይም ከዚያ በታች የተቀነሰ ዴስ ቁልፎችን ሁሉ ከመሞከር ባነሰ ድካም ይሰበር ነበር፤ 16ኛው ዙር ግን ከለከላቸው። በ1992 ዘዴውን አሻሽለው 16ቱንም ዙር ተሻገሩ፤ ነገር ግን አጥቂው ራሱ የመረጣቸው 140 ትሪሊዮን ያህል ጽሑፎች በዚያው ቁልፍ እንዲሰወሩለት ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለውን ውለታ የሚሠራ የምሥጢር ባለቤት በዓለም ላይ አይገኝም። ከዚህ የበለጠ ያስገረማቸው ሌላ ነገር ነበር። የሣጥኖቹን ቍጥሮች ጥቂት ብቻ ሲለውጧቸው ዴስ እጅግ ደካማ ሆነ። ሣጥኖቹን የሠራ ሰው ገና ያልተገኘውን ጥቃት አስቀድሞ ያየው ይመስል ነበር።

አይቶትም ነበር። በ1994 ከዴስ ሠሪዎች አንዱ የነበረው የአይ ቢ ኤሙ ዶን ኮፐርስሚዝ ባሳተመው ጽሑፍ፥ እርሱና ባልንጀሮቹ ይህንኑ ዘዴ በ1974 ያውቁት እንደ ነበረ፥ በመካከላቸውም «የቲ ጥቃት» ይሉት እንደ ነበረ፥ ሣጥኖቹንም እርሱን እንዲቋቋሙ አድርገው እንደ ሠሯቸው ገለጸ። የምርጫውን ምክንያት ቢናገሩ ዘዴው ራሱ ይገለጣል፤ ዘዴው ከተገለጠ ደግሞ በብዙ ስውር ጽሕፈት ላይ ስለሚሠራ አሜሪካ በዚህ ጥበብ የነበራት ብልጫ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከጸጥታው ድርጅት ጋራ ተመካክረው ዝም አሉ።

እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠረጠረው ሣጥን የጓሮ በር ሳይሆን የበሩ መቀርቀሪያ ሆኖ ተገኘ። ጠርጣሪዎቹ ተሳሳቱ ማለት ግን አንችልም። በሩን የሠራው ሰው እጁን በኪሱ ከትቶ «እመኑኝ» ሲል፥ በኪሱ ያለው ዳቦ ይሁን ድንጋይ ከውጭ ያለ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም በላይ ዝምታው ዋጋ አስከፍሏል። በ1987 የጃፓን የስልክ ኩባንያ ባለሙያዎች ፊል የተባለ ፈጣን ስውር ጽሕፈት አሳተሙ፤ ሥራውን ሲሠሩ በአሜሪካ ከዐሥር ዓመት በላይ በመሳቢያ ተቈልፎ የነበረውን ዕውቀት አላገኙትም። አራት ዙር የነበረው ፊል በማግሥቱ ዓመት በሌላ ሊቅ ተሰበረ፤ ስምንት ዙር ያለውም በልዩነት ጥቃት ወደቀ። ለአንድ መንግሥት ብልጫ የሆነው ምሥጢር ለሌላው አገር ሠራተኛ የተሰወረ ጕድጓድ ነበር።

ሁሉን አስቀድመው አይተውት ነበር እንዳንል ደግሞ የጃፓኑ ሚትሱሩ ማትሱይ መጣ። የሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ ባልደረባ ነበር። በ1993 ያቀረበው ዘዴ የመስመር ጥቃት ይባላል። አንድን ሳንቲም አንድ ሺህ ጊዜ ወርውረን ዘውዱ 500 ጊዜ ያህል ቢወጣ ሳንቲሙ ትክክለኛ ነው እንላለን፤ 560 ጊዜ ቢወጣ ግን በአንድ ወገን እንዳጋደለ እናውቃለን። ማትሱይም ከግልጹ ጽሑፍ፥ ከተሰወረው ጽሑፍና ከቁልፉ አንዳንድ ቢቶችን ደምሮ፥ ውጤቱ ከእኩሌታ ጥቂት እንደሚያጋድል አገኘ። ማጋደሉ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ እርሱን ለመለየት ብዙ ጽሑፍ ይፈልጋል። በ1994 ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተሮችን አሰልፎ በ50 ቀን ውስጥ የዴስን ቁልፍ በእርግጥ አወጣ፤ ከነዚህ ቀኖች 40ው ከ8 ትሪሊዮን በላይ የሆኑትን ግልጽና ስውር ጥንዶች ለማዘጋጀት፥ 10ሩ ቁልፉን ለመፈለግ ዋሉ። ዴስ በሒሳብ ተሰብሮ በሥራ የታየው ያን ጊዜ ነው። ሣጥኖቹ ይህን ጥቃት ለመቋቋም የተመረጡ አልነበሩም።

ይሁን እንጂ 8 ትሪሊዮን ጽሑፍ ከማን ይገኛል? የባንክ ሌባ ይህን አያደርግም። ዴስን ከገበያ ያወጣው ዲፊና ሄልማን በ1977 የጠቆሙት የጉልበት ሥራ ነው። በጥር 1997 አርኤስኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዴስ የተሰወረ መልእክት አውጥቶ ቁልፉን ላገኘ 10,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ኮምፒውተሮቻቸው ሥራ በሚፈቱበት ሰዓት ቁልፎቹን ተካፍለው እንዲሞክሩ አደረጉ፤ በሰኔ ወር ከቁልፎቹ ሩቡ ያህል እንደ ተሞከረ ቁልፉ ተገኘ። ያገኘውም ተራ የገበያ ኮምፒውተር ነበር።

በሐምሌ 1998 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ማኅበር ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ መሣሪያ አቆመ። በውስጡ 1,856 የኤሌክትሮኒክ ፍሬዎች ነበሩበት፤ በአንድ ሴኮንድ 90 ቢሊዮን ያህል ቁልፎች ይሞክር ነበር። የፈጀው ገንዘብ ከ250,000 ዶላር በታች ነው። ቁልፉን በ56 ሰዓት አገኘ፤ የቁልፉ ቢትና የሰዓቱ ቍጥር መግጠሙ ግን እንዲያው አጋጣሚ ነው። በጥር 1999 ያው መሣሪያ በዓለም ዙሪያ ካሉ 100,000 ያህል ኮምፒውተሮች ጋራ ተባብሮ ሌላ ቁልፍ በ22 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አወጣ። ማኅበሩ የመሣሪያውን ንድፍ ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በኮምፒውተር ወደ ውጭ አገር ቢላክ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ይከለክል ነበር፤ በወረቀት የታተመ መጽሐፍ ግን አይከለከልም። የፈለገ ሰው መጽሐፉን ገዝቶ ገጹን በመሣሪያ ማንበብ ይችል ነበር። የታተመ መጽሐፍን ከሚያከብሩ ሰዎች ወገን ስለ ሆንን፥ ይህ የታሪኩ ክፍል ደስ እንዳሰኘን አንሸሽግም።

ያን ጊዜ የደረጃዎቹ ቢሮ ስሙን ለውጦ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ ነበር። በ1997 የዴስን ምትክ ለመምረጥ ሲነሣ የቀድሞውን መንገድ አልተከተለም። ከልዩ ልዩ አገር 15 ሥራዎች ቀረቡ፤ እያንዳንዱ ሠሪ የአሠራሩን ምክንያት ጽፎ እንዲያቀርብ ተጠየቀ፤ ሊቃውንትም ሁሉ በአደባባይ እንዲያጠቋቸው ተጋበዙ። በ2000 የተመረጠው የሁለት ቤልጂጋውያን፥ የዮአን ዳመንና የቪንሰንት ራይመን ሥራ ሆነ፤ በ2001 አኤስ ተብሎ ደረጃ ሆነ። የልዩነትንና የመስመርን ጥቃት ለመቋቋም የተዘጋጀበት መንገድ በሠሪዎቹ ጽሑፍ ውስጥ ተዘርዝሯል። ሣጥኑም ማንም ሊመረምረው ከሚችል የታወቀ የሒሳብ ሕግ የወጣ ነው። ቁልፉ ቢያንስ 128 ቢት ነው፤ የ1998ቱ መሣሪያ ሁሉንም ልሞክር ቢል ከ100 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በ2011 ሦስት ሊቃውንት ይህን ድካም በአራት እጅ ያህል የሚቀንስ ጥቃት በአደባባይ አቀረቡ፤ ከአራት አንዱ የቀረውም ቢሆን ከ25 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት አያንስም።

ዴስ በ2005 ከደረጃነት ተሰረዘ። ሦስት ጊዜ የሚደጋገመው ዐይነት በባንኮች ዘንድ ብዙ ዓመት ቈየ፤ ተቋሙም መልእክት ለመሰወር እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ብቻ እንዲያገለግል ፈቀደለት።